መክሊቱን ማን ቀበረው?

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂላችን ሲነገር ሰሚው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል እንጂ የሚሟገተው ሰው አላጋጠመኝም። ይህ ጸሐፊ ዛሬ ሊሟገተው ተነሥቷል። ብሂሉ ጉረኛን ለመገሠጽ የተነገረ መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን በጊዜ ብዛት ትርጉሙ ተንሸራቶ፣ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ለማንም ሳያካፍል ይዞት እንዲሞት ፈቃድ የሚሰጥ ሆኗል። ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ ስንቱን ያዳነ የባህል ሐኪም መድኃኒቱን ለገዛ ልጁ እንኳ ሳያሳይ ወደ መቃብር ይወርዳል። የመሥሪያ ቤት ሹም የሥራውን ሥርዓት ለምክትሉ ሳያስረዳ ጡረታ ይወጣል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ጾም የማይሽሩ፣ ዐሥራት የሚያወጡ፣ ለነዳያን የሚመጸውቱ ክርስቲያኖች ናቸው። ከኪሳቸው ይሰጣሉ፤ ሙያቸውን ግን አይሰጡም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ የሚገኘውን የመክሊት ምሳሌ ሁላችንም በስብከት ሰምተነዋል። መክሊት በዚያ ዘመን የገንዘብ ልክ ነበረ። አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ሲሆን፣ ዲናር ደግሞ የአንድ ሙያተኛ ያልሆነ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ አንድ መክሊት ማለት የሃያ ዓመት ገደማ ድካም ዋጋ ነው። ትንሹን የተቀበለው አገልጋይ እንኳ ድኻ አልነበረም ማለት ነው! ደግሞም አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ የተረከበውን ቆፍሮ ቀበረ፣ ሲጠየቅም ሳያጎድል መለሰ። በእኛ አገር የሒሳብ መርማሪ ሚዛን ቢመዘን ንጹሕ ሰው ነው፤ ምናልባትም የምስጋና ወረቀት ይሰጠው ነበር። የፈረደበት ለምን እንደ ቀበረው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ነው፤ ፈራሁ አለ። ሰባኪዎቻችን ስለ ስንፍናው ብዙ ይነግሩናል፤ ስለ ፍርሃቱ ግን የሚነግሩን ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ገብቶ በማዶ ብቅ ሲል፣ ምድሩ ከእግሩ ሥር ይከዳዋል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከመዲናይቱ ግሸን ማርያምን ሊሳለም የሚሄደው ምእመንም መንገዱ ይኸው ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ለመሳለም ወርደው በወሎ የራብተኛውን ሕዝብ መከራ ያዩት በዚህ ዓይነቱ ጉዞ ነበረ። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጸበል አከፋፈሉ። በዚህ ቢያበቁ ኖሮ ደግ ምእመን ተብለው ይረሱ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት የሙት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ባለቤታቸው ስላልተስማሙ ትዳራቸውንም ቤታቸውንም ትተው ወጡ። ልጆቹን ያሳደጉት በርስት ወይም በባንክ ገንዘብ አልነበረም፤ እንጀራ ጋግረው፣ ቆሎ ቆልተው፣ ጠጅ ጥለው ሸጡ። ማንም የባልትና ሴት የምታውቀውን፣ ማንም መክሊት ብሎ ያልጠራውን ሙያ አውጥተው አተረፉበት። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም ሲያርፉ፣ ያቋቋሙት የሕፃናት ድርጅት ብዙ ሺህ ሰው አሳድጎና አስተምሮ ነበር።

ሁለተኛው ምስክሬ ለእኔ ለመምህሩ ከዚህም ይልቅ የቀረበ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። እምነታቸውን የማይደብቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። በምጥ ተጎድተው፣ ሽንት አልቋጥር ብሏቸው ከሰው ተለይተው ይኖሩ የነበሩትን ሴቶች በቀዶ ሕክምና ማዳን ጀመሩ፤ በኋላም ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከታካሚዎቻቸው አንዷ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ማሚቱ ፊደል ያልቆጠሩ የገበሬ ልጅ ነበሩ። ከዳኑ በኋላ አልጋ እያነጠፉ፣ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ እያቀበሉ ቆዩ። ሐኪሞቹ የእጃቸውን ብልሃት አይተው ቀዶ ሕክምናውን ራሱን አስተማሯቸው። ማሚቱም ከጊዜ በኋላ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር በወርቅ ሜዳይ አከበራቸው። እንግዲህ ልብ በሉ! ባለዲግሪው ሐኪም ፊደል ለማታውቅ ሴት ቢላውን ሲያቀብል ምን ያህል ክብሩን አስደፍሮ ይሆን? እኛ ብንሆን ኖሮ መጀመሪያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት አምጪ እንላት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግብዝ እሆናለሁ። መክሊትን የሚቀብረው ሁልጊዜ ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓዱን የምንቆፍርለት እኛም አለን። ብረት የቀጠቀጠውን ጠይብ፣ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የሠራችውን ቡዳ እያለ የሰደበው ማን ነው? የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚሳለመውን መስቀል የሠራለትን ሰው ከማዕዱ ያራቀው ይህ በጥምቀት የከበረ ማኅበረሰብ አይደለምን? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ አገር የሚያጠፋ መሆኑን ስለ ተረዱ ነው። ስድቡ ግን ዐዋጁን አልፎ ኖረ። የተሰደበ ሰው ሙያውን ለልጁ አያወርስም፤ በልቡ ይዞት ይኖራል። «ሙያ በልብ ነው» ማለት ለእሱ ብልሃት ሳይሆን መደበቂያ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልምጣ። በ2014 የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጥቂት ቢሻሻልም ማንንም የሚያኮራ አይደለም። ይፋት በዚያ ላይ የራሱ መከራ አለበት። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ነደደች፤ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ደረሰ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስንዴና ብርድ ልብስ ተሰጠ፤ ተገቢም ነው፤ የሰጡትን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ባለዶክትሬቱ ግን ምን ሰጠ? የእኛ የማዕረግ ዕድገት የሚቆጠረው የይፋት ተማሪ በማያነበው መጽሔት ላይ ባሳተምነው ጽሑፍ ነው። የቆሎ ተማሪውን ያስተማሩት የኔታ ከተማሪው ገንዘብ አይቀበሉም፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል፤ አንድ መምህር ለብዙ ተማሪ የሚበቃው በዚህ ነው። ያንን ሥርዓት ኋላ ቀር ብለን የሳቅንበት ሰዎች፣ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ያለ ክፍያ አንድ ሰዓት ለማስተማር እንቸገራለን።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው መንግሥት ነው የሚል ወዳጅ እንዳለኝ ዐውቃለሁ፤ ችሎታ ከታማኝነት በታች የሚመዘንበት ሹመት ብዙ መክሊት አስቀብሯል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ሒሳብ ለማስረዳት የሹመት ደብዳቤ አያስፈልግም። ይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው፤ የሚማረውም ልጅ ማተብ ያሰረው ብቻ አይደለም። ጸጋውን የሰጠ አምላክ ለማን እንደምናካፍል መዝገብ አላስያዘንም።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ ያቀረብሁት ሐሳብ አጭር ነው። በመጪው ክረምት መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጣርማ በር ወደ ቆላው ወርደን፣ መንገዱ ካልሆነልን ደግሞ በደብረ ብርሃን ለሚገኙት ተፈናቃይ ልጆች፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ሁለት ወር እናስተምር። አበል አንጠይቅም። ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ያለው ተማሪ ሁሉ ከታች ክፍል ሁለት ልጆች ይዞ እንዲያስጠና እናደርጋለን፤ ይህችን ከየኔታ ተውሰናታል። የሚያስፈልገን አንድ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። እስካሁን የተስማሙት ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ጠመኔውን ከራሴ እገዛለሁ ብሏል።