ዲስክ ሲታመም

በተፍኪ ሜዳ ጤፍ ከደረሰ በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ቢጥል፥ ብልህ ገበሬ በተጋደመው ላይ ሲታገል አይውልም። አስቀድሞ የቆመውን ያጭዳል፤ ቀጥሎ ወደ ተጋደመው ይመለሳል፤ ቃርሚያው የመጨረሻ ነው። የኮምፒዩተር ዲስክም መበላሸት ሲጀምር ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ግን ፋይሉ አልከፈት ሲለው ደጋግሞ ያጠፋል፥ ያበራል፤ ዲስኩም በዚሁ ትግል የቀረችውን ዕድሜ ይጨርሳል። ለዚህ ችግር አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የተባለው ሰው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያዘጋጀው፥ «ዲዲሬስኪው» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የሚሠራው ትእዛዝ በመጻፍ ነው። ትእዛዙም በተራ ሦስት ስም ይፈልጋል፤ የታመመውን ዲስክ፥ ቅጂው የሚያርፍበትን በቂ ቦታ ያለው ጤነኛ ዲስክ፥ በመጨረሻም የሥራውን መዝገብ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ሊያድን የፈለገውን ራሱ ሊያጠፋው ይችላልና ይጠንቀቁ!

ፕሮግራሙ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይቀዳል፥ የከበደውን ይዘላል፤ ከዚያም ወደ ዘለለው ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ ይቃርማል። የደረሰበትን በመዝገቡ ስለሚጽፍ፥ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥገናው ሁሉ ከዚያ ወዲያ በቅጂው ላይ ይሁን እንጂ በሽተኛውን አይንኩት።

ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ግን የውስጥ አካሉ ተጎድቷልና ማንኛውም ትእዛዝ ያባብሰዋል፤ አጥፍተው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። እስከዚያው ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ወይም የመሥሪያ ቤትዎ ሰነድ ዛሬ በስንት ቦታ ይገኛል? መልሱ «በአንድ» ከሆነ፥ ሁለተኛውን ቅጂ ዛሬ ማታ ያዘጋጁ።