ፕሮፔለሩ የሚፈተነው ወደብ ሲገባ ነው

የሸራ ጀልባ ያለው ሰው ፕሮፔለር ለመቀየር ሲነሳ ሻጩም የወደብ ጎረቤቱም የሚጠሩለት አንድ ቁጥር አለ፤ ግማሽ ኖት። ተራው ባለ ሦስት ክንፍ ቋሚ ፕሮፔለር ወጥቶ በታጣፊ ወይም ክንፉን በሚያዞር ፕሮፔለር ሲተካ ጀልባዋ በሸራ ስትጓዝ ግማሽ ኖት፣ ማለትም በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ትጨምራለች ይባላል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ቋሚውን ከሁለቱ ይለያል እንጂ ሁለቱን እርስ በርስ አያማርጥም። ከሁለቱ የትኛው ይገዛ የሚለውን መቁረጥ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ፦ ይህች ጀልባ ጠባብ ወደብ ውስጥ፣ ነፋስ ከጎን እየገፋት፣ በምን ያህል ርቀት ትቆማለች?

ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ፕሮፔለር ሸራን መጎተቱ የቆየ ችግር ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1860 ውሃ ላይ ያወረዳት ኤችኤምኤስ ዋሪየር የእንፋሎት ሞተርም ሸራም ነበራት፤ በሸራ ብቻ ስትጓዝ ፕሮፔለሩ እንዳይጎትታት በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከበኞች ገመድ ይዘው ከውሃ ያወጡት ነበር። የዛሬው ባለ 11 ሜትር ጀልባ ባለቤት ያን ያህል እጅ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ አብረውት ያሉት የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ናቸው። 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሦስት ክንፍ ፕሮፔለር እንዳይሽከረከር ተቆልፎ በአምስት ኖት ሲሄድ፣ በግምታዊ ስሌት፣ በ25 ኪሎ ግራም ገደማ ኃይል ወደ ኋላ ይስባል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መጎተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቆልፎ መሄድ ይሻላል ወይስ በነጻ እንዲሽከረከር መተው የሚለው የመርከበኞች የዘመናት ክርክር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የግላስጎው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የተቆለፈው የበለጠ እንደሚጎትት በሙከራ አሳይቷል። ያም ሆኖ በነጻ መተው ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ አለው፤ አንዳንድ የካምቢዮ አምራቾችም አይፈቅዱትም።

ግማሽ ኖቱ ራሱ ግን በሁሉም ነፋስ እኩል አይገኝም። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ያለው መንገድ 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው። በ5.5 ኖት ሃያ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ በ6 ኖት ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቀን አይሞላም። ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ሊጠጋ የሚችል ትርፍ አለ ማለት ነው። ሆኖም በዚያ መስመር የሚነፍሰው ነፋስ ጠንከር ሲል ጀልባዋ ርዝመቷ ወደሚፈቅድላት የፍጥነት ጣሪያ ትጠጋለች፤ እዚያ ላይ የፕሮፔለሩ ሸክም ቢነሳላትም የምትጨምረው ጥቂት ነው። ትርፉ ጎልቶ የሚታየው ነፋሱ ሲለሰልስ፣ ጀልባዋ በሦስትና በአራት ኖት ስትንፏቀቅና ባለቤቷ ሞተር ላስነሳ ወይስ ልታገሥ እያለ ሲያመነታ ነው። ይህን ትርፍ ደግሞ ሁለቱም ዓይነቶች ያስገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁለቱ ከቋሚው ካላቸው ርቀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚያሳስበው ተወዳዳሪን ነው። ለውድድር ጀልባ ታጣፊው ይገባል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ለቤተሰብ ጀልባ ግን ነገሩ የሚወሰነው በኋላ ማርሽ ነው። ታጣፊው ሸራ ሲዘረጋ ክንፎቹን እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ ይሰበስባል። ሞተሩ ሲነሳ ሽክርክሪቱ ክንፎቹን ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል፤ ወደፊት ሲሄድ ውሃው ራሱ ከፍቶ ይይዛቸዋል። ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ያው ውሃ ክንፎቹን ወደሚታጠፉበት አቅጣጫ ይስባቸዋል፤ ክፍት አድርጎ የሚይዛቸው የሽክርክሪቱ ኃይል ብቻ ነው። ስለዚህ መሪውን የያዘው ሰው ሞተሩን አስጩሆ ክንፎቹ እስኪከፈቱ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዓይነት በሌላ መንገድ ይሠራል። ክንፎቹ እንደቆሙ ይቀራሉ፤ በሸራ ጊዜ ቀጭን ጠርዛቸውን ለውሃው ይሰጣሉ። የኋላ ማርሽ ሲገባ እምብርቱ ውስጥ ያሉ ጥርሶች እያንዳንዱን ክንፍ ያዞሩና ውሃውን የሚቀዝፈው ጠርዝ እንደገና ፊት ይሆናል። ወደ ኋላ የሚገፋውም ወደፊት ከሚገፋው ብዙም ሳያንስ ነው።

የዚህን ክብደት ለማየት ሰባት ቶን የምትመዝን ጀልባ በሦስት ኖት ወደ መቆሚያዋ ስትገባ ማሰብ ይበቃል። ፍሬን የላትም። በአሥር ሜትር ውስጥ ለማቆም በአማካይ 85 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆን ኃይል ወደ ኋላ መግፋት አለበት፤ ያለው ጊዜም አሥራ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። ከነዚህ ሰከንዶች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ክንፍ እስኪከፈት ከባከኑ ቀሪው ርቀት የጎረቤት ጀልባ ሊሆን ይችላል። በባሕር ላይ የተገኘ ግማሽ ኖት ይህን አይክስም።

ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። አንደኛ፣ ታጣፊው የድሮው ባለ ሁለት ክንፍ አይደለም ይባላል። እውነት ነው፤ ክንፎቹ በጥርስ ተያይዘው እኩል ይከፈታሉ። የዴንማርኩ ጎሪ ባለ ሦስት ክንፍ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሄድ ክንፎቹ ተገልብጠው የፊት ጠርዛቸው ፊት እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ልዩነቱን አጥብቧል፤ ነገር ግን ያጠበበው የሌላኛውን ስልት በመዋስ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ገመድና ስለ ባሕር ሣር ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ዳርቻ የሎብስተር አጥማጆች ተንሳፋፊ ምልክቶች ባሕሩን ሞልተውታል፤ ታጥፎ የሚሄድ ፕሮፔለር ገመዱን አንሸራትቶ ሲያልፍ፣ ቆሞ የሚሄደው ክንፍ ሊይዘው ይችላል። እዚያ የሚኖር ሰው ታጣፊውን ቢገዛ አልፈርድበትም። ሦስተኛው ዋጋና ጥገና ነው። ቋሚ ፕሮፔለር በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ ሲገኝ ሁለቱም ሌሎች በሺዎች ይጠይቃሉ። ክንፉን የሚያዞረው በውስጡ ብዙ ጥርስ ስላለው በየጊዜው ግሪስ ይፈልጋል፤ ዝገት ነሐሱን እንዳይበላ የሚታሰረው ዚንክም ሳያልቅ መቀየር አለበት። ግሪሱን የሚረሳ ሰው አይግዛው።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከሞተር ሰዓት ነው። ክንፉን የሚያዞረው ፕሮፔለር ክንፎች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ወደፊት ሲገፉ ጠመዝማዛ ሆኖ የተሠራውን የታጣፊውን ክንፍ ያህል አይዋጣላቸውም። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ አጋማሽ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ስለሚመጣ ወደ ሱዌዝ የሚወጣ ጀልባ ቀናት በሞተር ይገፋል፤ 193 ኪሎ ሜትሩ ቦይ ውስጥም በሸራ መጓዝ አይፈቀድም። እንዲህ ላለ መንገድ ትንሿ የብቃት ጉድለት ነዳጅ ትሆናለች። ግን ክርክሩ እስከ መጨረሻው ከተሄደበት የሚያደርሰው ታጣፊው ጋ ሳይሆን ቋሚው ጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሞተር የሚሄድ ሰው ለሸራ ተብሎ የተሠራ ፕሮፔለር ለምን ይገዛል? በሸራም በሞተርም እየተፈራረቀ ለሚጓዘው ደግሞ እንደ ጣሊያኑ ማክስ ፕሮፕ ያሉት የክንፉን ማዕዘን ለሞተሩ እንዲስማማ ማስተካከል ስለሚፈቅዱ ጉድለቱን በከፊል ይቀንሱታል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ስሌቱ ይቀየራል። በሸራ እየተጓዙ ባትሪ መሙላት የሚፈልጉ ሰዎች ፕሮፔለሩ ከውሃው እንዲደበቅ ሳይሆን ውሃው እንዲያሽከረክረው ይፈልጋሉ። የፊንላንዱ ኦሽንቮልት ሰርቮፕሮፕ የክንፉን ማዕዘን በኮምፒውተር እያዘዘ ሁለቱንም ለማስታረቅ የተሠራ ነው። ለናፍጣ ጀልባ ገዢ ግን ጥያቄው ዛሬም በቦታው ነው፤ መልሱንም ሻጮች በወረቀታቸው ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል። ከተጨመረው ፍጥነት አጠገብ ጀልባዋ በሦስት ኖት ስትሄድ የኋላ ማርሽ ከገባበት ቅጽበት አንሥቶ እስክትቆም የሄደችው ሜትር ይጻፍ። ይህን ቁጥር የማይሰጥ ሻጭ ካለ ገዢው ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት በዚያው ፕሮፔለር የምትሄድ ጀልባ ላይ ወጥቶ እንዲለካ ይጠይቅ፤ ሜትር የተቆጠረበት ገመድና የእጅ ሰዓት ለዚህ ይበቃሉ።