ጥርኝ ውሃና የሰብለ ወንጌል መንገድ

ሰሞኑን በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶቹ «ሰብለ ወንጌል ቆብ የደፋችው ለማምለጫ ነው፤ እምነት የሚባል ነገር የላትም» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ርኅራኄ የድሃ ማደንዘዣ ነው፤ ሥነ ጽሑፋችን ከዚህ ይገላገል» ባይ ናቸው። ሁለቱንም አንቀበልም።

በመጀመሪያ ሁላችን ከልጅነት የሰማነውን እናንሣ። በተአምረ ማርያም የሚነገርለት በላዔ ሰብእ 78 ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠና ነፍሱ ዳነች። የካቲት 16 በመጣ ቁጥር ይተረካል። ተራኪውም ሰሚውም ዓይኑን የሚተክለው ሚዛኑ ላይ ነው፤ ወዴት አጋደለ? ለምጻሙስ? ስም የለው፣ ዘመድ የለው። ያን ለት የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታሪኩን አናጣጥልም፤ የምንነቅፈው አሰማማችንን ነው። የተገፋው ሰው ለሌላው ነፍስ መሻገሪያ ታንኳ ብቻ ሆኖ ቀረ።

አሁን በ1958 ወደ ታተመው ፍቅር እስከ መቃብር እንምጣ። በዛብህ በሕፃንነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የድሃ ልጅ ነው። ለፊታውራሪ መሸሻ አጥንት የሌለው ሰው ነው። ሰብለ ጥርኝ ውሃ ልካለት እቤቷ አልተቀመጠችም። የአባቷን ቤትና የዘሯን ክብር ጥላ በመነኩሴ ልብስ ወጣች። ሽፍቶች ደብድበው ጥለውት ስታገኘው ከጎኑ ተቀመጠች። ሲሞትም መነኮሰች እንጂ ወደ ወይዘሮነቷ አልተመለሰችም። እንግዲህ ቆቡ ለማምለጫ ብቻ ከሆነ፣ የምትሸሽበት ምክንያት ሲያበቃ ለምን አላወለቀችውም? ይህን ሳይመልሱ «እምነት የላትም» ማለት አይቻልም። በዛብህን በስለት ያሰረውና ሰብለን ያስኬዳት እምነት አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ስለ ራስ ፍርሃት መሆኑ፣ ሌላው ስለ ሌላው ሰው መሆኑ ነው።

ርኅራኄ ያደነዝዛል ለሚሉትማ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን ጎዳና፣ መርሳንና ሲሪንቃን እናሳያቸዋለን። በ1965 የወሎ ገበሬ እህሉና ከብቱ አልቆ ወደዚያ ጎዳና ሲፈስ፣ መንግሥት ረኃቡን ይደብቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፉን አምጥተው በግቢው ሲያሳዩ ተማሪውን ያስቆጣው ምን ነበር? ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው? የሰው ፊት ነው እንጂ! ያ ርኅራኄ መቼ አደነዘዘ? አስጮኸ እንጂ።

የሚያደነዝዘውስ ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ «ጽድቄን አገኘሁ» ብሎ መሄድ ነው። እሱ ደግሞ እኛው ጋ አለ። ከሸክላ ሠሪዋ ጀበና ገዝተን ልጇን «ቡዳ» እንላለን። ቁምጥና ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሕሙማኑን ሲያክም ኖሯል። ሐኪሙ «ድነሃል» ያለውን ሰው ግን እኛ ከማዕዳችን እናርቀዋለን። ሳንቲም እንወረውርለታለን፤ አብረነው አንበላም። ማርክስን የሚጠቅሰውም ዳዊት የሚደግመውም በዚህ ላይ አንድ ነው!

ስለዚህ ብዕር ያነሣችሁ ጓደኞቻችን፣ ስለ በላዔ ሰብእ በቂ ተነግሯል። የለምጻሙን ታሪክ ጻፉልን። ስም ስጡት፤ ከሲሪንቃ ጎዳና ዳር አስነሡት፤ ከጎኑም የሚቀመጥ ሰው አታሳጡት።