የመጀመሪያው ባሚያ የማን ነው?

በእኛ ቆላ በሰኔ ዝናብ በጓሮ የተዘራ ባሚያ በሁለት ወር ገደማ ለመቆረጥ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ሰሊጡ ገና በአረም ላይ ነው፤ ማሽላውም አላፈራም። የአምናው እህል ሲያልቅ የቤቱን ወጥ የምትይዘው ያች ትንሽ ጓሮ ናት። ታዲያ ይህ የመጀመሪያ ፍሬ በኩራት አይደለምን?

በየቤተ ክርስቲያኑ በኩራት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፖስታ ነው፤ የመጀመሪያ ደመወዝ ወይም የሰሊጥ ሽያጭ ብር። አንዳንድ ሰባኪም «ስጥ፣ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይመልስልሃል» ይላል። በእኔ እምነት ይህ ስጦታን ንግድ ያደርገዋል፤ እግዚአብሔርንም ባለዕዳ።

ዘዳግም 26ን ረጋ ብለን እናንብብ። እስራኤላዊው በኩራቱን በቅርጫት ይዞ ሲቀርብ የሚናገረው ወደፊት ስለሚያገኘው አይደለም። አባቱ ተንከራታች እንደ ነበር፣ ወገኖቹ በግብፅ እንደ ተጨነቁ፣ እግዚአብሔርም እንዳወጣቸው ይመሰክራል። ቁጥር 11 ላይ ደግሞ ሌዋዊውና መጻተኛው አብረውት እንዲደሰቱ ታዟል። መጻተኛው የማይደሰትበት በኩራት እንግዲህ ጎደሎ ነው።

መጻተኛው ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰዎች ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻግረዋል። ከደጋ ለአረም የመጣው የቀን ሠራተኛም በደጃችን ያልፋል። ለሱዳናዊት እናት ባሚያ የአገሯ ወጥ ነው፤ አድርቀው ሲፈጩት ዌካ ይሉታል፣ በኪስራም ይበሉታል። አንድ ሳህን ባሚያ ስንልክላት ሆዷን ብቻ ሳይሆን ልቧንም እንደግፋለን።

«እኛስ ራሳችን ተቸግረን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል። ነገር ግን ባሚያ ጎተራ የሚገባ እህል አይደለም። ሰሊጥ ዋጋ እስኪያወጣ ይቀመጣል፤ ባሚያ ግን በለጋነቱ በየሁለት ሦስት ቀኑ ካልተቆረጠ እንጨት ይሆናል። የጎረቤትም ረሃብ እንደዚሁ የዛሬ ነው፤ ሰሊጥ እስኪሸጥ አይጠብቅም።

ስለዚህ የዘንድሮው የመጀመሪያ ቆረጣ ከቤታችሁ ይውጣ። ብዙ መሆን የለበትም፤ አንድ እፍኝም ይበቃል። ከተቻለም ሰዉን ቤት ጠርታችሁ አብራችሁ ብሉ፤ ዘዳግም የሚያዝዘው አብሮ መደሰትን ነውና።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁም ይህን አስቡ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ክርስቶስን በኩራት ብሎ ይጠራዋል። እግዚአብሔር ልጁን የሰጠን የምንመልስለት ኖሮን አይደለም፤ መጻተኞች ሳለን ነው። እኛ የምንሰጠውም በዚያው ምክንያት ነው።

ጌታ ጓሯችሁን ይባርክ። ጸጋ ይብዛላችሁ።