ኩሬ መቈፈር ዓሣ ማርባት አይደለም

ነፋስ መውጫን ስም ያወጣላት ሰው አልዋሸም። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ የጉናን ብርድ የምትቀበል ከተማ ናት፤ የኅዳርን ማለዳ በዚያ የቀመሰ ሰው ጋቢውን በቀላሉ አይጥልም። ታዲያ በዚህ አገር ዓሣ ይርባ የሚል አሳብ ሲነሣ አንዳንዱ ይሥቃል፤ ሌላው ደግሞ ሳይጠይቅ ኩሬ ለማስቈፈር ይቸኵላል። ሁለቱም ተሳስተዋል ብንል ድፍረት አይሆንብንም።

አሳቡ ከችግር የመጣ ነው። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ከደረሳቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ መሬቱ ታጥቧል፥ የገበሬውም ድርሻ ጠቧል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዓሣ ከወተት፥ ከዕንቍላልና ከማር ጋር ስሙ ይነሣ ጀመር።

ነገር ግን የትኛው ዓሣ? በአገራችን ኩሬ የለመደው ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ፍጥረት ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ይፋፋል፤ ውሃው ከ20 በታች ሲወርድ መብላቱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። እንግዲህ ጫጩቱን ከጣና ዳር ጭኖ ነፋስ መውጫ ላይ መልቀቅ ዓመት ጠብቆ የጣት ያህል ዓሣ ለማውጣት ነው፤ ያውም ከተረፈ። ብርድ የሚወደው ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች ተለምዷል፤ ዳሩ ግን ንጹሕ ወራጅ ውሃና ውድ መኖ ይፈልጋል፥ ሌላውን ዓሣም ይበላል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምት ከሌላ ስፍራ የማይገኙት የጣና ዓሦች ዕንቍላላቸውን ሊጥሉ ሽቅብ የሚወጡት በእነዚሁ ነው። እዚያ ላይ እንግዳ ዓሣ ማምለጡ ቀልድ አይደለም። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው የስማዳና የእስቴ ቆላ በበኩሉ ሙቀት አያጣም፤ ውሃና መንገድ ነው የሚቸግረው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሰው ምርምር ነው፤ ምርምር ደግሞ ትዕግሥተኛ ገንዘብ ይፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በፊሊፒንስ የተጀመረው የቆሮሶ ማሻሻያ ሥራ ከግብፅ፥ ከጋና፥ ከኬንያና ከሴኔጋል ዓሣ ሰብስቦ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ቶሎ የሚያድግ ዘር አወጣ። ወጪውን የቻሉት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የእስያ ልማት ባንክ ናቸው። ዘሩ የእኛው የአፍሪካ ነበረ፤ ትዕግሥቱ ግን የሌላ።

ለእኛስ? በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ በሰበታም አለ። ለነዚህ የሚሰጠው ገንዘብ በተቈፈረ ኩሬ ብዛት የሚለካ ከሆነ ኩሬ ይቈፈራል፤ ወጣቱ ሹም ቍጥሩን ይልካል፥ ጉዳዩም ያልቃል። ከቍፋሮው በፊት በደጋውም በቆላውም ማለዳና ከቀትር በኋላ የውሃውን ሙቀት ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግብ አንድ ሰው ይቀጠር፤ ዋጋው ከአንድ ስብሰባ አበል አይበልጥም ብንል ማጋነናችን ይቅር ይባልልን። ቀጥሎ መኖው ይጠና፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ለከብትም ይፈለጋሉና ዓሣው ከላም ጋር መሻማቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ከኹሉ ይብሳል። ሙከራው የሚካሄደው በገበሬው መሬት ላይ ነው። ገብስ ያበቅል የነበረው ቦታ ውሃ ሞልቶበት ዓሣው ቢያልቅ ተመራማሪው ጽሑፍ ያገኛል፥ ገበሬው ጕድጓድ ይቀርለታል። ስለዚህ የምርምሩን በጀት የሚያጸድቅ ክፍል የጠፋውን ሰብል ዋጋና ኩሬውን የመድፈኛ ወጪ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ይጻፍ።