አጎቱን ከፎርሙ አታስቀሩት

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ እኩዮቼ፣ ልጆቻችሁ ጦር ሠራዊት ሲገቡ ወይም ለመከላከያ በሚሠራ ድርጅት ሲቀጠሩ ስለሚሞሉት ፎርም ዝም ማለት አልቻልኩም። ኤስኤፍ 86 ይባላል። ክሊራንስ የሚሉት የምስጢር ፈቃድ የሚጀምረው በእሱ ነው። ወላጅ፣ ወንድም፣ እኅት፣ አማት፣ የትም ይኑሩ ይጠየቃሉ። ባለፉት 7 ዓመታት የቅርብ ግንኙነት ያለው የውጭ ዜጋና የተደረገ ጉዞ፣ ባሕር ማዶ ያለ ንብረት፣ ለዘመድ የተላከ ገንዘብ፣ ሁሉም ይጠየቃል።

ልጁ ታዲያ እኛን ይጠይቃል። እኛም «አጎትህን ምን አመጣው? እሱን ተወው» እንላለን። ልጆቻችንን የሚጎዳው ይህ ምክራችን ነው።

ከየት እንዳመጣነው አውቃለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሙ ኢሕአፓ የሆነ ሰው ቀበሌ ሲጠራው «ወንድም የለኝም» ይል ነበር፤ ነፍሱን አትርፎበታል። ግለ ታሪክ ጻፉ ስንባልም የምንጨነቀው ለምናስቀረው ነበር። በዚያ የሚወቅሰን የለም። እዚህ አገር ግን ያ ብልሃት ወንጀል ነው፤ ለፌዴራል መንግሥት አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ዘመድ አገር ቤት መኖሩ ደግሞ ብቻውን ፈቃዱን አያስከለክልም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት፤ የውጭ ተጽዕኖ አንዱ ነው። የሚታየው ዘመዱ ምን እንደሚሠራ፣ ለመንግሥት ቅርብ መሆን አለመሆኑ፣ በእሱ በኩል ልጁን ማስገደድ ይቻል እንደሆነ፣ ልጁም እዚህ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ነው። ደብረ ብርሃን ገብስ የምታመርት አክስትና የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሹም የሆነ አጎት እኩል አይመዘኑም። አጎቱን መጻፍ ያስፈራል፤ ፈቃዱንም ሊያስከለክል ይችላል፤ ጥርጣሬ ከቀረ ውሳኔው ለአገሪቱ ደኅንነት ያደላልና። ተደብቆ ከተገኘ ግን ምርመራው አጎቱን ትቶ ወደ ልጁ ጠባይ ይዞራል። ከዚያ መውጣት ይከብዳል።

መደበቁስ መች ይሳካል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስንመጣ የሞላነው፣ ዜግነት ስንጠይቅ የፈረምነው ሁሉ ተቀምጧል። የእኅቱን ልጅ «ልጄ» ብሎ ያስመጣ ሰው በመካከላችን መኖሩን የማያውቅ አለ? ያ ልጅ ለእናንተ ልጅ ዛሬ ወንድሙ ነው ወይስ የአክስቱ ልጅ? አንዱን ቢጽፍ የእናንተን ወረቀት ያፈርሳል፤ ሌላውን ቢጽፍ ይዋሻል። እዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁና ጉዳዩን ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ ከመፈረሙም በፊት ጠበቃ ያማክር።

ፈቃዱ ከወጣም በኋላ ነገሩ አያበቃም። የምስጢር ፈቃድ ያለው ሰው ለግል ጉዳይ ወደ ውጭ ሲሄድ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ለሠርግ «ነገ ተሳፈር» አትበሉት። ለቅሶ እንኳ ቢሆን ለአለቃው ሳይናገር አይነሣም። ቦሌ ያለውን ቤት በስሙ ለማዞር ያሰባችሁም ካላችሁ፣ ሳይነገረው የሆነ ንብረት ለመርማሪ ማስረዳት ቀላል አይምሰላችሁ። ቢጫ ካርድ ዜግነት ባይሆንም ካለው ይናገር።

አሁን ልጁ የሚፈልገው ስም ከነአባት፣ አድራሻና የልደት ቀን ነው። የእኅቶቻችንን የልደት ቀን የምናውቅ ጥቂት ነን፤ ፎርሙ ላይ ግምት መሆኑን ማመልከቻ ቦታ አለ፤ በእሱ ይጠቀም። ዓመቱን የነገራችሁት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 7 ወይም 8 መጨመሩን እዩለት።