የእናት ፎቶግራፍ ለገበያ ሲቀርብ

በአብደራፊም ሆነ በማናቸውም አገር በሣጥን ተጠቅልሎ የኖረው የሠርግ ፎቶግራፍ ዛሬ ገዢ አለው። እንደ ጌቲ ኢሜጅስ ያሉት ድርጅቶች ፎቶግራፍን በኢንተርኔት ለጋዜጣና ለማስታወቂያ ሠሪ እየሸጡ ለአቅራቢው ድርሻውን ይከፍላሉ። ይሁን እንጂ እናታችን በጥልፍ ቀሚሷ ሆና የማታውቀውን ሳሙና ስታወድስ ብናያት ማናችን ደስ ይለናል? ድርጅቶቹም ቢሆኑ ለማስታወቂያ የሚውለውን ያለ ባለመልኩ የፈቃድ ፊርማ አይቀበሉም። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሟችም ቢሆን ክብሩ ሲነካ ቤተ ዘመዱ መቃወም ይችላል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት የቀን ሠራተኛውን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወጣት እንግዲህ ፊርማውን እዚያው ማሳው ላይ ይቀበል፤ ሠራተኛው ወደ ደጋ ከተመለሰ በኋላ ማን ያገኘዋል?